የሁለት ከተሞች በረዶና የእኛ ርክክብ

ሥራ የገባሁ ዕለት ከአለቃዬ ጋር ተጋጨሁ። ማለቴ፣ እኔም አልጮኽኩም፣ እሱም አልጮኸም። የቁልፍ መረከቢያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለኝ፤ «ሳላይ አልፈርምም» አልኩት። ሚስተር ኬንት ይባላል። ረጅም፣ ፀሐይ ፊቱን ያቀላው፣ ሲያስብ ኪሱ ውስጥ ቁልፍ የሚያንቀጫቅጭ ሰው ነው። «ምኑን ነው የምታዪው?» ቢለኝ «ቁልፉ የሚከፍተውን በር፣ ከበሩ ወዲያ ያለውን ማሽን፣ ማሽኑም የሚሠራ መሆኑን» አልኩት። እንግሊዝኛዬ ያኔም እንደ ዛሬው ነበር፤ አይጣፍጥም፣ ግን ይደርሳል።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ስል ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«አገር ቤት ንብረት ክፍል ነበርሽ?» አሉኝ በአማርኛ።

«ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፤ ግምጃ ቤት።»

«አላልኩም! እኔ ቢራ ፋብሪካ ነበርኩ፣ ቦይለር ላይ። ነይ ላሳይሽ። ሳታዪ እንዳትፈርሚ።»

ጋሽ ደምሴን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው። ሚስተር ኬንት ግን ዓይኑ ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ ይመላለስ ነበር። ያን ቀን የገባበት ጥርጣሬ ከዚያ በኋላ አልወጣለትም። ምክንያቱም እኔ የእሱ ከተማ ሠራተኛ ነኝ፤ ጋሽ ደምሴ ደግሞ የሌላው።

ይሄ የበረዶ መንሸራተቻ የሁለት ከተሞች ነው። ከካሮልተን ከተማ ወዲያ ያሉ፣ አጥር የሚጋሩ ሁለት ትናንሽ ከተሞች ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ አንደኛው ጡረታዬን ይከፍለኛል። የምሥራቁና የምዕራቡ ልበላቸው፤ እኔ የምሥራቁ ነኝ፣ ጋሽ ደምሴ የምዕራቡ። ቴክሳስ ውስጥ በረዶ ማቆየት ቀልድ አይደለም። ውጭ አስፋልቱ የጫማ ሶል ይይዛል፣ ውስጥ ልጆች ጓንት አጥልቀው ይንሸራተታሉ። አንድ ከተማ ብቻውን ልያዘው ቢል ኤሌክትሪኩ ብቻ ወገቡን ይሰብረዋል። ስለዚህ ወጪውም ኪሳራውም ለሁለት ይሁን ብለው ተዋዋሉ።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ዕድር ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የጋራ ነገር ጥቅሙ ይገባኛል። ግን ውሉ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ነበረች። አርጅቶ የተበላሸ ነገር ለሁለት ይጠገናል። በሠራተኛ ጥፋት የተበላሸውን ግን የዚያ ሠራተኛ ከተማ ብቻውን ይከፍላል። ከዚያች አንቀጽ የተነሳ እዚያ ቤት ውስጥ ዕቃ አርጅቶ አያውቅም። አምፖል ሲቃጠል እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ነው ያበራው?» ነበር።

የእኛ ሸሚዝ ቀይ ነው፣ የነሱ ሰማያዊ። የመወልወያ ባልዲው ሁለት፣ የመሣሪያ ሣጥኑ ሁለት ነው። ጋሽ ደምሴ ስለ ውሉ ሲያወሩ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይሉ ነበር። «አይ ጋሼ፣ እነዚህ ባላዎች ማን ቀድሞ ይሰበራል ብለው ነው የሚተያዩት» እላቸው ነበር እኔ። ሳቃቸው አዳራሹን ይሞላል። ሚስተር ኬንት ቢሮው ሆኖ ይሰማል።

ሥራው እንዲህ ነው። ማሽን ክፍሉ ውስጥ በአሞኒያ የሚሠራ ኮምፕረሰር አለ፤ እሱ ጨው የተቀላቀለበትን ውሃ ያቀዘቅዛል። ፓምፑ ያንን ውሃ ከበረዶው ሥር በተቀበሩ ቧንቧዎች ውስጥ ያዞረዋል። ዋናው ቧንቧ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ የምሥራቁን ግማሽ፣ አንዱ የምዕራቡን ግማሽ ያቀዘቅዛል። እያንዳንዱ መግቢያው ላይ ትልቅ ቫልቭ አለው፤ እጀታው ክብ ነው፣ በሁለት እጅ የሚዞር። በረዶውን የሚልገውና ሙቅ ውሃ ቀብቶ የሚያለሰልሰውን መኪናም የምንነዳው እኛው ነን። ጋሽ ደምሴ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን፣ እኔ ከእኩለ ቀን እስከ መዝጊያ። ፈረቃው የተከፈለው በከተማ ነበር፤ ያም በውሉ።

እኩለ ቀን ላይ ርክክብ እናደርጋለን። ይሄ ከመመሪያ የመጣ አይደለም፤ እኔና እሳቸው ከአገራችን ያመጣነው ነው። እኔ ፋብሪካ ስቀጠር ከእኔ በፊት የነበረው ግምጃ ቤት ኃላፊ ሳይቆጥር ተረክቦ፣ ሲያስረክብ ጎደለበትና ወኅኒ ወርዶ ነበር። ሌባው ሌላ ሰው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ ከዚያ ወዲህ ማንኪያም ብትሰጡኝ አገላብጬ ነው የምቀበለው። ጋሽ ደምሴም ያው ናቸው፤ ቦይለር ሲፈነዳ «ማን ነበር የተረከበው?» ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰው ናቸው።

ሶ፣ በየቀኑ ክፍሉን አብረን እንዞራለን። ኮምፕረሰሩን እናደምጣለን፤ የዘይቱን መጠን እናያለን፤ ፓምፑን እንዳስሳለን። ቫልቮቹ ጋ ስንደርስ እሳቸው እጃቸውን እጀታው ላይ ያደርጋሉ፣ እኔም አደርጋለሁ፤ እስኪያቆም አዙረን እናየዋለን። «ክፍት» ይላሉ፤ «ክፍት» እላለሁ። ሁለቱንም እንዲሁ። ቀይ ለባሾቹም ሰማያዊ ለባሾቹም ይስቁብን ነበር። አንዱማ «ልትጋቡ ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቆናል።

የምዕራቡ ከተማ አለቃ ሚስ ዳያን ትባላለች። አጭር፣ ንጹሕ፣ ጠያቂ። አንድ ቀን በር ላይ ጠበቀችን።

«ሁልጊዜ የምታወሩት ስለ ምንድነው?»

«ስለ ፓምፑ» አልኳት።

«ስለ ፓምፕ ይሄ ሁሉ ሳቅ?»

ምን ልበላት? እውነቱን ለመናገር ጋሽ ደምሴ ስለ ፓምፑ ያወሩት ነገር በእንግሊዝኛ አያስቅም። ከዚያ ወዲህ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ሚስተር ኬንት ፊት ላይ ካየሁት ጋር አንድ ነበር። በሌላ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ እኛን በመጠርጠር ግን ተስማሙ።

ብዙም አልቆየ፣ ሚስተር ኬንት ቢሮ ጠርቶ በሩን ዘጋና «ደምሴ የሚሠራውን ልብ ብለሽ እዪልኝ፤ የማይገባ ነገር ካየሽ ንገሪኝ» አለኝ። «ኦኬ» ብዬ ወጣሁ። በማግሥቱ ርክክብ ላይ ጋሽ ደምሴ ዘይቱን እያዩ «የሺ፣ ሰላይ ሆኛለሁ» አሉኝ።

«በማን ላይ?»

«ባንቺ ላይ ነዋ!»

«እኔም በእርስዎ ላይ ተሹሜያለሁ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ።»

ያን ቀን እስኪያስለን ሳቅን። ከዚያ በኋላ ያልሳቅንበት ጊዜ መጣ።

ያ ዓመት ባለቤቴ ተፈራ የታመመበት ነው። የአንጀት ካንሰር አሉት፤ ኪሞ ጀመረ። ኢንሹራንሱ በእኔ ሥራ በኩል ነው። ሌላ አልነበረንም። ይሄን የምናገረው አንባቢ የሆዴን ፍርሃት እንዲያውቅልኝ ነው፤ ያቺን ቀይ ሸሚዝ ብገፈፍ ተፈራ ሕክምናው ከግማሽ መንገድ ይቋረጥበታል።

ሐምሌ ላይ፣ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ የምዕራቡ ግማሽ በረዶ መላላት ጀመረ። መጀመሪያ ላብ አወጣ። ከዚያ መኪናውን ስነዳበት ጎማው ምልክት ይተው ጀመር። አንዲት ልጅ ስትዞር ጫማዋ ሰምጦባት ወደቀች፤ ደግነቱ አልተጎዳችም። ምሥራቁ ግማሽ ግን መስታወት ነው። እስከ መሃል ቀይ መስመር ድረስ ጥሩ፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃ። መንሸራተቻው ተዘጋ።

ጨው ውሃው ወደ ምዕራቡ ቧንቧ አይገባም ማለት ነው። ሁላችንም የደረስንበት ይሄን ነው። የምዕራቡ ቫልቭ እጀታ ግን ክፍት ነው። በርክክብ ጊዜ በየቀኑ ዳስሰነዋል። «ቫልቩን ፈትተን ውስጡን እንየው» አሉ ጋሽ ደምሴ። ሚስተር ኬንት አይሆንም አለ፤ ሚስ ዳያንም አይሆንም አለች። ቀድሞ የፈታ ከተማ ጥፋቱን እንደተቀበለ ይቆጠራል ብለው ጠበቆቻቸው መክረዋቸዋል። በረዶው እየቀለጠ፣ ሁለት ከተሞች አንድ ቫልቭ ከበው ቆሙ።

ሰው ነበር የሚፈለገው። ቫልቩን ዘግቶ የረሳ፣ የቆመው ጨው ውሃ ቧንቧውን እስኪደፍን የተወና በኋላ ሹልክ ብሎ የከፈተ ሰው። የከተማ ምክር ቤቶቹም አኩርፈው ነበር፤ ጥፋቱ ካልታወቀ ውሉን አናድስም፣ መንሸራተቻው ይዘጋ የሚሉ ነበሩባቸው።

ሚስተር ኬንት ጠራኝ። ቁልፎቹ ኪሱ ውስጥ ይንቀጫቀጫሉ።

«የሺ፣ ነገሩ ቀላል ነው። እኩለ ቀን ስትገቢ ቫልቩን ዝግ ሆኖ አግኝተሽው ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አስቢበት። አንድ ቀን እንኳ? ደምሴ ማጣሪያ ሲያጸዳ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። አንቺ ‹አንድ ቀን ዝግ ነበር› ካልሽ ነገሩ አለቀ። ምዕራቡ ይከፍላል፣ መንሸራተቻው ይከፈታል፣ ሥራሽም ይቀጥላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባልሽ እንዴት ነው?» አለኝ።

ይሄንን ጥያቄ በደግነት ጠይቆት ይሆናል። እኔ ግን የሰማሁት ስለ ኢንሹራንሱ ነው።

ወጥቼ ሞተሩን ሳላስነሳ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። ነገሩን አገላበጥኩት። እኔ እንዲህ ከተጠየቅኩ ጋሽ ደምሴ ምን ተጠይቀዋል? ማታ መንሸራተቻውን የምዘጋው እኔ ብቻዬን ነኝ። ጠዋት የሚከፍቱት እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። በመሃል ምስክር የለም። እሳቸው «ጠዋት ስገባ ዝግ ሆኖ አገኘሁት» ቢሉ አለቀልኝ። ጡረታቸው ሊደርስ አፋፍ ላይ ናቸው። ሚስ ዳያን እንደ ኬንት ብልጥ ናት፤ ከእሱም ትበልጣለች። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር። ብጠረጥራቸው ማን ይፈርድብኛል?

ከዚያ ወዲህ ምልክት ማየት ጀመርኩ። ከሚስ ዳያን ቢሮ ፈገግ ብለው ሲወጡ አየኋቸው። ኮል ባደርግላቸው አላነሱም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ከሩቅ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ሰላም አሉኝና በሌላ በር ሄዱ። «ምነው ጋሼ?» ብዬ ልጮህባቸው ነበር፤ ሰው ፊት ስለሆነ ዋጥ አደረግኩት።

ተፈራ አንድ ከሰዓት፣ ከኪሞ መልስ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ «ምን ሆነሻል?» አለኝ። ነገርኩት።

«በእኔ ሕመም የሰው እንጀራ እንዳትዘጊ» አለኝ።

«አንተ ዝም በል! አንተን የሚያሳክምህ ይቺ ሸሚዝ ናት።»

«ሸሚዟን አውቃታለሁ። አንቺን ደግሞ ከሸሚዟ በፊት ነው የማውቅሽ።»

ተናደድኩበት። በሽተኛ ሰው እንዲህ ቀና ቀናውን ሲናገር ያናድዳል።

ሁለቱ ከተሞች አንድ ላይ የሚሰሙን ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው ርክክብ ነበረን። በምዕራቡ በኩል በረዶ የለም፣ ልጅ የለም፣ ኮምፕረሰሩ ግን ለምሥራቁ ግማሽ ብቻ እየሠራ ነው። ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። ስለ ነገው አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ተማከራችሁ እንዳንባል ልበል፣ ወይስ መልሱን ፈርቼ ልበል? ሁለቱም ነው። ዘይቱን አየን። ፓምፑን ዳሰስን። ቫልቩ ጋ ስንደርስ እጃቸውን እጀታው ላይ አድርገው ቆዩ። ከወትሮው አስረዘሙት። እኔም እጄን አደረግኩ።

«ክፍት» አሉ።

«ክፍት» አልኩ።

ጃኬታቸውን ለብሰው ሄዱ። ደግ ሰው ናቸው ወይስ እየተሰናበቱኝ ነው? ቀኑን ሙሉ ሳመነዥገው ዋልኩ።

ስብሰባው የልደት ድግስ በምናከራይበት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የፔንግዊን ሥዕል አለ። ሚስተር ኬንትና ጠበቃው በአንድ በኩል፣ ሚስ ዳያንና ጠበቃዋ በሌላ በኩል። ቀድሜ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ደምሴ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሩ።

የእኛው ጠበቃ «እኩለ ቀን ስትረከቢ ቫልቩን ዝግ ሆኖ አግኝተሽው ታውቂያለሽ?» አለኝ። ሚስተር ኬንት ያየኛል። ቁልፎቹ ዝም ብለዋል። ተፈራን አሰብኩ። ውጭ የተቀመጡትን ሰውዬ አሰብኩ፤ ከእኔ በኋላ ገብተው ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኔ እውነቱን ብናገርና እሳቸው ቢከዱኝ ሁለት ጊዜ ሞኝ ልሆን ነው።

አፌን ስከፍት ግን የወጣው የለመድኩት ነው። «በየቀኑ አብረን ነው የምንረከበው። ሁለታችንም እጃችንን እናደርግበታለን። እስኪያቆም እናዞረዋለን። ክፍት ይላሉ፣ ክፍት እላለሁ። አንድም ቀን ዝግ አልነበረም።»

«ማታ አንቺ ዘግተሽው ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አለች የሚስ ዳያን ጠበቃ።

«አላውቅም። ጠዋት እንዴት እንዳገኙት እሳቸውን ጠይቁ።»

ይሄን ብዬ ወጣሁ። በሩ ላይ ተላለፍን፤ ጋሽ ደምሴ ቀና ብለው አላዩኝም። አግዳሚው ላይ፣ እሳቸው ባሞቁት ቦታ ተቀመጥኩ። እንደ እኔ ያለ ሰው ያን ጊዜ የሚያስበውን አልጽፈውም። ሰውዬውን ከሥር ከመሠረታቸው ረገምኳቸው፤ ገና አንድ ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ።

ከዚያ የሚስ ዳያን ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ተሰማ። እሷ ጮኻ አታውቅም።

«ተማክረዋል! ቃል በቃል አንድ ነው! ‹ሁለታችንም እጃችንን እናደርግበታለን፣ ክፍት እላለሁ፣ ክፍት ትላለች!› ጠዋትም ክፍት ሆኖ አገኘሁት ይላል! ይሄ የተጠና ነገር ነው!»

እኔ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቄ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ተመልሶ ወደ ሳቅ መጣ። ጋሽ ደምሴ ምን እንዳሉ ከእሳቸው አፍ አልነበረም የሰማሁት፤ ከጠርጣሪያችን አፍ ነው።

ሲወጡ ከፊቴ ቆሙ።

«ኮል ሳደርግ ለምን አያነሱም ነበር?» አልኳቸው። መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው።

«ዳያን ካንቺ ጋር ስናወራ ካየችን ተማከሩ ትላለች ብዬ ነዋ።»

«ያው አለች።»

«ያው አለች!» አሉና ሳቁ። «እኔ ደግሞ አንቺ ትከጂኛለሽ ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። በባልሽ መጥተውብሽ ነበር አይደል? በእኔ በጡረታዬ ነው የመጡት።»

«እኔም ጠርጥሬዎት ነበር።»

«ባትጠረጥሪ ነበር የምታዘብሽ።»

ጥፋተኛ ስለጠፋ ቫልቩን ከመፍታት ሌላ መንገድ አልቀረም። ሁለቱ ከተሞች አንድ ላይ ቴክኒሻን ቀጠሩ። ቫልቩ ሲፈታ፣ ውስጥ ያለው መዝጊያ ብረት ከዘንጉ ተበጥሶ ወድቆ መንገዱን ዘግቶታል። እጀታው ይዞራል፣ ላይ ታች ይላል፣ ክፍት ነኝ ይላል፤ ውስጡ ግን አልተነሳም። ዝገት ነው። እርጅና ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዕቃ አረጀ ተባለ፤ ወጪውም ለሁለት ሆነ። አዲስ ቫልቭ ገባ። በረዶው ተመለሰ። ውሉም ታደሰ።

ተፈራ ኪሞውን ጨረሰ። ዛሬ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር፣ አፓርታማችን በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ፓርክ የሚያደርገውን ሁሉ ይተቻል።

አመሰገኑን ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ውሉ ሲታደስ አንድ አዲስ ደንብ ገባበት። የሁለቱ ከተሞች ሠራተኞች ማሽን ክፍል ውስጥ አብረው መገኘት የለባቸውም፤ አንዱ ወጥቶ ከሄደ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው። ሚስተር ኬንት ደንቡን ሲነግረኝ ምክንያቱን አልደበቀም። «በሚቀጥለው ጊዜ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብን» አለ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ገባሁ፣ ብቻዬን ዳሰስኩ፣ «ክፍት» የሚለኝ ሳይኖር «ክፍት» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ጡረታ የወጡ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስገባ አልሄዱም ነበር። ማሽን ክፍሉ መሃል፣ ሰማያዊ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ደንቡስ?» አልኳቸው።

«ሳላስረክብ ወጥቼ አላውቅም። ዛሬ ልጀምር?»

ዞርን። ኮምፕረሰሩን አደመጥን። ዘይቱን አየን። ፓምፑን ዳሰስን። ሚስተር ኬንት በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ቁልፎቹ አንድ ሁለቴ ተንቀጫቅጨው ዝም አሉ። አላስወጣንም፤ አልሄደምም። አዲሱ ቫልቭ ጋ ደረስን። እጃቸውን አደረጉ፣ እጄን አደረግኩ።

«ክፍት» አሉ።

«ክፍት» አልኩ።

እኔም ዛሬ ጡረታ ላይ ነኝ። በዚህ ሥራ ለምትገቡ ያለኝ ይሄ ነው። ሳታዩ አትፈርሙ። ስታዩ ደግሞ ብቻችሁን አትዩ።